ሁለት ረድፍ ከፍ ያለው ጎርፍ

በድልድዩ ጫፍ የቆመው ወፍጮ ቤት ከተዘጋ ብዙ ዓመት ቢሆነውም የከተማው ሰው ማዕዘኑን እንደ መዝገብ ይጠብቀዋል። ወንዙ ከተራራው ላይ ተቆጥቶ በወረደ ቁጥር ውሃው የደረሰበት ቦታ በመሮ ይጫራል፤ ከጭረቱ ጎንም ስም ይቀረጽለታል። ዓመቱን የሚያስታውስ የለም፤ ጎርፍ የሚታወቀው በስሙ ነው። ከታች፣ ከጉልበት ትይዩ ያለው «ሰርጉ» ነው። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ በወዲያ ማዶ ሦስት ቀን ሙሉ ታግዶ፣ የሙሽራዋ ዘመዶች ድግሱን ብቻቸውን በልተው የጨረሱበት ጎርፍ ነው። ከእሱ በላይ «ዱባው» አለ። የላይኛውን እርሻ ጠራርጎ ሲወርድ ወንዙ ዱባ በዱባ ሆኖ ነበርና ከተማው አንድ ወር ዱባ ቀቅሎ በላ፤ ያን ዘመን ያዩ ሰዎች እስከ ዛሬ ገበያ ውስጥ ዱባ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ወገብ ላይ «አልጋው» ተጽፏል። አንድ የተነጠፈ አልጋ፣ ድመት እንደተኛችበት፣ በድልድዩ ሥር አለፈ፤ ሰው ሁሉ ሲጮህላት ድመቷ ቀና ብላ እንኳ አላየችም ይባላል።

ከሁሉም በላይ፣ ከረዥም ሰው አናት ከፍ ብሎ፣ በአንድ ትልቅ ግራጫ ድንጋይ ላይ ጥልቅ ጭረት አለ። አጠገቡ የተቀረጸ ስም የለም፤ በዚያ ቀን ሁሉም ሲሮጥ ስም የሚያወጣ አልተገኘም። በደፈናው «ትልቁ» ይሉታል።

ከግራጫው ድንጋይ ሥር ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱን ሰቅሏል። ሱቅ የለውም፤ ያለው አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወትና የማያልቅ ወሬ ነው። እንግዳ ሲያገኝ አፉን እስኪዘጋው ድረስ በሳሙና አረፋ ይለቀልቀውና በምላጩ ወደ ላይ እያመለከተ ይጀምራል።

«ቀና በል! አየኸው? እዚያ ድረስ ነው የመጣው። በወንዙ ቁልቁል ያለው ከተማ ሰዎች በወገብ ውሃ ሲፎክሩ እኛ በአናታችን ላይ አሳልፈናል!»

ይህ ወሬ ሲጀመር ላለመስማት መንገድ የሚሻገሩ አንድ ሰው ነበሩ። ጋሽ ቱንቢ ይባላሉ፤ ግንበኛ ናቸው። ቱንቢ ግንበኛ የግድግዳውን ቀጥታ የሚያይበት በክር የተንጠለጠለ ብረት ነው፤ ከተማው ይህን ስም ያወጣላቸው አለምክንያት አይደለም። ስድሳ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ወገባቸው አልጎበጠም፤ የሠሩት ግድግዳም የጣት ውፍረት ያህል ዘሞ አያውቅም። ለማጅ ሲስት ያፈርሱበታል። «ምላስህ ቢስት ይቅርታ ትላለህ፤ ግድግዳህ ቢስት ግን ልጅ ልጅህ እያየው ይስቃል» ይሉታል።

መንገድ መሻገራቸው ግን ምክንያት ነበረው።

ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት አንድ የጭነት መኪና ፍሬን እምቢ ብሎት ወፍጮ ቤቱን በጭነቱ ጠርዝ መታውና ማዕዘኑን ከወገብ በላይ አፈረሰው። ጋሽ ቱንቢ ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ለብቻቸው የተሰጣቸውም ያን ጊዜ ነው። የወደቁትን ድንጋዮች አንድ በአንድ ለቅመው፣ ቅደም ተከተላቸውን በጠመኔ ቁጥር ጽፈው ደረደሯቸው። ሲመሽ ካፊያ ጣለ። ሲነጋ ጠመኔው የለም። ሰው ጠርቶ መጠየቅ አሳፈራቸው። ደግሞስ የማዕዘን ድንጋይ አንዱ ረዥም አንዱ አጭር እየሆነ ነው የሚካበው፤ ረዥሙን በአጭሩ ቦታ አስገባለሁ ብትል አይገባም። እሳቸው ሲክቡት ሁሉም ገጠመ፤ ስለዚህ ሁሉም ልክ ነው ብለው አመኑ።

መወጣጫው ተነሥቶ፣ ኖራው ደርቆ፣ ራቅ ብለው ሲያዩት ግን ተመልሰው ሄደው ከሥሩ ቆሙ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ቁመታቸውን ሲለኩበት የኖሩት ጭረት ከራሳቸው በላይ ወጥቷል። ግራጫው ድንጋይ በራሱ ቦታ መቀመጥ ሲገባው ቀጥሎ ባለው ረዥም ድንጋይ ቦታ ተቀምጧል። ሁለት ረድፍ። ትልቁ ጎርፍ ጠብታ ዝናብ ሳይጨመርበት ሰማንያ ሴንቲ ሜትር አደገ።

«ነገ አወርደዋለሁ» አሉ። በማግስቱ ግን የከተማው ሹም ሥራውን ሊመርቁ መጡ። ሹሙ ቀና ብለው አዩና፣ «ይህን ሁሉ ውሃ ችለን ነው የቆምነው!» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። የተጨበጨበለትን ድንጋይ ማን ያወርዳል? ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ።

ይህን አላምንም ያሉ አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ፤ አሮጊቷ አዋላጅ። በትልቁ ጎርፍ ቀን ምጥ ወደያዛት ሴት ለመድረስ የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ እየዳበሱ ውሃውን በእግራቸው አቋርጠዋል። «እስከ ብብቴ ነበር፤ ቦርሳዬን በአናቴ ተሸክሜ» ይላሉ። «እማማ፣ ድንጋዩ እኮ እዚያ ላይ ነው የሚለው፤ ዕድሜ ነው፣ ተምታቶብዎት ይሆናል» ሲሏቸው ይቆጣሉ። «እንግዲያው ሚስቶቻችሁ ሲያምጡ ድንጋዩን ጥሩት!»

ያን ቀን ስታምጥ የነበረችው ሴት የጋሽ ቱንቢ እናት ናት። ሕፃኑም ራሳቸው ጋሽ ቱንቢ ናቸው። ለእሳቸው ሲሉ ውሃ ውስጥ የገቡትን ሴት ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ውሸታም አድርገዋቸው እንደኖሩ ሲያስቡ፣ እማማን ባዩ ቁጥር ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ይፈታሉ፤ መልሰውም ያስራሉ።

ዘንድሮ በበጋው መጨረሻ ከውሃ መሥሪያ ቤት አንዲት ወጣት መሐንዲስ መጣች። ሥራዋ የሸለቆውን የጎርፍ ታሪክ መሰብሰብና ትልቁ ዳግም ቢመጣ የሚደርስበትን መስመር መቀየስ ነው። ባለ ሦስት እግር የቅየሳ መነጽሯን ተክላ ሦስት ቀን ጠየቀች፣ ለካች፣ ጻፈች፤ ድመቷን ሳይቀር ጻፈች። አዋላጇ ክንዳቸውን አንሥተው ብብታቸውን አሳዩአት። መሐንዲሷ ጨዋ ናትና እሱንም ለካች። ከዚያ ወደ ግራጫው ድንጋይ ቀና ብላ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፤ ሰው ይረሳል፣ ድንጋይ ግን ከቦታው አይነቃነቅም» አለች።

በዚያ ሲያልፉ የነበሩት ጋሽ ቱንቢ ሳል ያዛቸው።

በአራተኛው ቀን በታችኛው መንገድ ግድግዳዎች ላይ ቀይ መስመር ተቀባ። ከድልድዩ ሽቅብ ሦስተኛው ቤት የጋሽ ቱንቢ ልጅ ዳቦ ቤት ነው። ከከፈተችው ገና ሰባት ወሩ ሲሆን ምድጃውን አባቷ በእጃቸው፣ ሸክላ በሸክላ፣ አርባ ቀን ፈጅተው ሠርተውላታል። ቀዩ መስመር በምድጃው አፍ ትክክል ላይ አረፈ። ቀጥሎም ወረቀት መጣ፦ ከጉልበት በላይ ውሃ የሚገባበት የሥራ ቤት ሁሉ ከክረምቱ በፊት ይለቀቅ።

ጋሽ ቱንቢ ማለዳ ሲገቡ ልጃቸው ሊጡን እየቆረሰች በትሪ ላይ ትደረድር ነበር። ክንዷ እስከ ክርኗ ዱቄት ነው። ወረቀቱ ከሚዛኑ ሥር ተቀምጧል።

«አባዬ መጣህ? ና፣ ምድጃውን በአንድ በኩል ያዝልኝ፣ ተሸክመን እንውጣ።»

«አትቀልጂ።»

«ካልቀለድኩ አለቅሳለሁ፤ ካለቀስኩ ደግሞ ሊጡ ጨው ይበዛበታል። የትኛው ይሻላል?» ትሪውን አነሣችና ምድጃው ውስጥ ገፋችው። «ከዳገቱ ላይ ምትክ ቦታ እንሰጣለን ይላሉ። እዚያ ዳቦ የሚገዛኝ ማነው? ፍየል?»

ጋሽ ቱንቢ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ተነሡ። እንደገና ተቀመጡ።

«አባዬ፣ እሱ ጆንያ ነው፤ እንቁላል አይደለም። ምን ሆነህ ነው?»

«ጎርፉ…» አሉ፤ «ትልቁ ጎርፍ… እኔ ነኝ።»

ልጅቷ የእንጨት አካፋዋን እንደያዘች ዞረች። «ምን ማለት ነው እኔ ነኝ?»

ነገሯት። ጠመኔውን፣ ካፊያውን፣ ረዥሙንና አጭሩን ድንጋይ፣ ጭብጨባውን። ሲጨርሱ ቀና ብለው አላዩም። ልጅቷ ፊቷን ወደ ምድጃው መለሰች፤ ቆይቶ በእጇ ያለው አካፋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰች መስሏቸው ብድግ ሲሉ በሳቅ ፈነዳች።

«ሁለት ረድፍ! አንተ! የአጥር ግድግዳዬን ለአንድ ጣት ብለህ ሁለቴ ያፈረስክ ሰውዬ!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ሰው ይስማ እንጂ! እንዲሰማ አይደል የምንፈልገው?» ሳቋን ዋጥ አድርጋ አየቻቸው። «አባዬ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ እንጂ ሠላሳ ስምንት ዓመት ያድራል አላሉም። ተነሥ። ዳቦው ሳያርር ሄደህ ተናገር።»

መሐንዲሷ ወንበር ስላልነበራት ከፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ካርታዋን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ስለ ዱባው ለአምስተኛ ጊዜ ይነግራታል። ጋሽ ቱንቢ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙና ለልጃቸው የነገሯትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ። በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ቆመ፤ የቆመውን ያየ ሌላው ቆመ።

መጀመሪያ የሳቀው ፀጉር አስተካካዩ ነው።

«ጋሼ፣ የልጅ ነገር ሆድ ያባባል፤ ገብቶኛል። ግን ለአንድ ምድጃ ሲሉ የከተማውን ጎርፍ ያሳንሱታል?»

«አላሳነስኩም። ያሳደግሁትን ነው የማወርደው።»

«እርስዎ? ጋሽ ቱንቢ? ሁለት ረድፍ ሳቱ?» ወደ ሰዉ ዞረ። «ይኸው በሬ ወለደ ማለት ይህ ነው!»

ሰዉ ሳቀ። ጋሽ ቱንቢ በዕድሜያቸው ሁሉ ያልጠረጠሩት ነገር ይህ ነበር። ውርደቱን ፈርተዋል፣ ስድቡን ፈርተዋል፤ የማያምናቸው ሰው ይኖራል ብለው ግን አስበው አያውቁም። ያን ሁሉ ዓመት ያካበቱት ጥሩ ስም ተነሥቶ እንደ ግንብ ፊታቸው ቆመ።

መሐንዲሷ አልሳቀችም። «ጋሼ፣ እኔ አምንዎት ይሆናል» አለች፤ «ውሃው ግን የእርስዎን ልጅ አያውቅም። መስመሩን በወሬ ዝቅ ባደርገው፣ ትልቁ ሲመጣ ያንን መንገድ ሁሉ እኔ ነኝ የማሰጥመው። የማየው ነገር ይስጡኝ።»

«ትክክል ነሽ» አሉ ጋሽ ቱንቢ። ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉና ድንጋዩን ማየት ጀመሩ። የማያምናቸውን ሰው ረሱት፤ በጎረምሳ ዓይን ሳይሆን በግንበኛ ዓይን አዩት። ይህ ድንጋይ ሲወድቅ በየትኛው ጎኑ ተኛ? በእጄ ስገለብጠው ጀርባው ምን ነበረው? ጀርባው… ከጀርባው የተፈለፈለ ነገር ነበረው። ግማሽ ቀዳዳ። ምንነቱ ሳይገባቸው በኖራ ደፍነውት ነበር።

«የወፍጮ ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ነው?» አሉ።

ቁልፉ የከተማው ጥበቃ ጋ ነበር። በሩ ሲከፈት አካፋና ዶማ፣ ያረጀ አግዳሚ ወንበርና የአቧራ ሽታ ተቀበላቸው። ገሚሱ ሰው ገባ፤ ገሚሱ በበሩ አንገቱን አስገባ። ጋሽ ቱንቢ ከበሩ አጠገብ ያለውን ማዕዘን በጣታቸው እያንኳኩ ጆሯቸውን አስጠጉ። ደረታቸው ትይዩ አንድ ቦታ ድምፁ ተለወጠ። መሮውን አስደግፈው በመዶሻ መቱት። ልስኑ እንደ ደረቀ ዳቦ ቅርፊት ረገፈና በግድግዳው ድንጋይ ጠርዝ ላይ ግማሽ ቀዳዳ ታየ፤ ልክ ለሁለት እንደተከፈለ ጎድጓዳ ሳህን።

«ይህ የድሮው በር መወርወሪያ የሚገባበት ነው» አሉ። «ግማሹ በግድግዳው ድንጋይ፣ ግማሹ በማዕዘኑ ድንጋይ ላይ ነው የሚፈለፈለው። የግድግዳው ድንጋይ አልወደቀም፤ ከቦታው ነው። አሁን ሌላውን ግማሽ ፈልጉ። ከጎኑ መሆን ነበረበት።»

ከጎኑ ያለው ድንጋይ ሲገለጥ ደልዳላ ነው፤ ምንም የለውም።

«ስለዚህ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልሞላም።

«ስለዚህ ያንን ወንበር አቀብለኝ።»

ወንበሩ ላይ ወጡ። ከግራጫው ድንጋይ ጀርባ ያለውን ልስን አራገፉት። ኖራ መጣ፤ እሳቸው ራሳቸው የደፈኑት፣ ነጭ ሆኖ የቀረ ኖራ። በመሮ ጫፍ ቆፍረው አወጡት። ግማሽ ቀዳዳው ወጣ። መሐንዲሷ ሜትሯን ከላይኛው ግማሽ እስከ ታችኛው ግማሽ ዘረጋች። አንብባ ደግማ ለካች።

«ሰማንያ» አለች። «ሁለት ረድፍ።»

ማንም አልሳቀም። ከበሩ በኩል ምርኩዝ መሬት ሲመታ ተሰማ፤ ሰዉ መንገድ ለቀቀ። አዋላጇ ናቸው። ገብተው ቀዳዳዎቹን አላዩም፤ በወንበሩ ላይ የቆሙትን ሰው ነው ያዩት።

«አንተ ልጅ፣ ውረድ።»

የስድሳ ሁለት ዓመቱ ልጅ ወረዱ።

«ስትወለድ በእግርህ ነው የመጣኸው። ተገልብጠህ። ያን ቀን ለእናትህ ምን አልኳት መሰለህ? ይህ ልጅ አንድ ነገር ገልብጦ ሳያስቀምጥ አያርፍም!»

ሳቁ ከወፍጮ ቤቱ ወጥቶ ድልድዩን ተሻገረ። ጋሽ ቱንቢ ጎንበስ ብለው የአዋላጇን ጉልበት ሊስሙ ሲሉ አሮጊቷ በምርኩዛቸው ትከሻቸውን መታ መታ አደረጉት። «ተው፣ ተው፤ ወገብህ ተይዞ እንዳላዋልድህ። ይልቅ ጭረቴን አውርድልኝ።»

ድንጋዩን ለማውረድ አራት ቀን ፈጀ። ከተማው ሁሉ መጥቶ አየ፤ በወንዙ ቁልቁል ያለው ከተማ ሰዎችም ሰምተው በመኪና መጡና «ጎርፋችሁ ታጠበና ጠበበ እንዴ?» እያሉ ዋሉ። ፀጉር አስተካካዩ ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን አንድ እንግዳ በአረፋ ለቅልቆ ሲያበቃ ጋሽ ቱንቢ ከመወጣጫው ላይ ሆነው ሰሙት። «የሌላ አገር ጎርፍ በዝናብ ነው የሚያድገው። የእኛ ግን ፀሐይ እየበራ ሁለት ረድፍ ያደገ ነው! ይኸው ያሳደጉት ሰውዬ፤ ሰላም በል!» እንግዳው በአረፋው ውስጥ አጉረመረመ። ጋሽ ቱንቢ በዚህ ጊዜ መንገድ አልተሻገሩም፤ መዶሻቸውን አንሥተው ሰላም አሉት።

ግራጫው ድንጋይ በቦታው ሲቀመጥ አዲስ ክርክር ተነሣ፤ ትልቁ ከአሁን በኋላ ያን ያህል ትልቅ ካልሆነ ምን ይባል? ብዙ ሐሳብ መጣ። አዋላጇ ግን ጎርፉን በገላዋ የለካች ሴት እያለች ሌላ ሰው ስም አያወጣም ብለው ቁጭ አሉ። ጋሽ ቱንቢም መሮውን አንሥተው፣ እሳቸው እንዳዘዙት፣ ከጭረቱ ጎን «ብብት» ብለው ቀረጹ። መሐንዲሷ ሪፖርቷ ላይ እንዲሁ ጻፈችው፤ አለቃዋ ምን እንደሚላት ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

ቀዩ መስመር በታችኛው መንገድ ሁሉ ተፋቀና ዝቅ ብሎ ተቀባ። በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ አረፈ። መሐንዲሷ ተንበርክካ ለካችው፣ ወረቀቱን ከሚዛኑ ሥር አወጣችና ቀደደችው። «መቆየት ትችያለሽ። ግን ስንዝርም ቢሆን ውሃ ነው። ከክረምቱ በፊት በሩ ላይ ሁለት ደረጃ ይሠራ፤ የዱቄቱም ቦታ ከፍ ይበል።»

«ደረጃውን ማን ይሠራዋል?» አለች ልጅቷ አባቷን እያየች። «ሙያው የተመሰከረለት ሰው ታውቂያለሽ?»

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ቱንቢ በዳቦ ቤቱ ደጃፍ ተንበርክከው የመጀመሪያውን ድንጋይ አስቀመጡ። በምድጃው ውስጥ ሁለተኛው ዙር እየበሰለ፣ ደንበኞች ቅርጫታቸውን ይዘው አሸዋውን እየተሻገሩ ይገቡ ነበር። ድንጋዩን በመዶሻው እጀታ ቸብ ቸብ አድርገው አደላደሉ፣ ወደ ውስጥ ዞረው ተጣሩ።

«ነይማ እዚህ።»

«አባዬ፣ ዳቦ እያወጣሁ ነው!»

«አውጪና ነይ።»

አካፋዋን ይዛ መጣች። ፊቷ ከምድጃው ሙቀት ቀልቷል። ደንበኞቹም ነገር ያለ መስሏቸው አብረዋት ዞሩ።

«ቁጠሪልኝ» አሉ ጋሽ ቱንቢ።

«ምኑን?»

«ረድፉን።»

«አንድ ድንጋይ እኮ ነው ያስቀመጥከው!»

«አንድም ቢሆን። ጮክ ብለሽ ቁጠሪ፤ ሰዎቹም ይስሙ።»

ልጅቷ አባቷን አየቻቸው፣ ድንጋዩን አየችው፣ ደንበኞቹን አየቻቸው። ከዚያ አካፋዋን እንደ ጦር መሬት ላይ ተክላ፣ እስከ ድልድዩ በሚሰማ ድምፅ፣

«አንድ!» አለች።

ጋሽ ቱንቢ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁና ሁለተኛውን ድንጋይ አነሡ።